ዘጠኝ ወር ያደረው መርዶ

ዕለቱ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እርግጠኛ አይደለሁም… ዕድሜዬ ገፍቷልና አንዳንዱን ነገር ላዛባ እችላለሁ።

የምታውቁ ካላችሁ አርሙኝ።

ሰውየው የተናገረኝን ግን አንዲት ቃል አልሳሳትም…

«አባባ! እርስዎ እስካሁን አልሰሙም እንዴ?»

ፍኖተ ሰላም፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነን። ጓደኛዬን አያ ቢሆነኝን ቀብረን ተቀምጠናል።

የጠየቀኝ ከፈረስ ቤት የመጣ እህል ነጋዴ ነው።

«ምኑን?» አልኩት።

ወደ አያ ቢሆነኝ ባለቤት ወደ አደይ ዞረ።

እሷ አንገቷን ደፋች።

ያን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ… ሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ ነበር።

እኔና አያ ቢሆነኝ የእድራችን ለፋፊዎች ነበርን። እሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ የሟቹን ስም እጠራለሁ።

መርዶ ሲኖርም የምንላከው እኛው ነን። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ እንደርሳለን። እኔ ቢወድቅ እንድይዘው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቃሉን የሚናገረው አያ ቢሆነኝ ነው።

እኔማ ከሐዘንተኛው ቀድሜ አለቅሳለሁ።

«አንተ ፈሪ!» ይለኛል ስንመለስ። «አንድ ቀን ሰዎቹ መርዶው ያንተ መስሏቸው አንተን ያጽናኑሃል!»

አያ ቢሆነኝ አንድ ሕግ ነበረው። መርዶ አያሳድርም።

አንድ ጊዜ ቡሬ አጠገብ አንድ ገበሬ ወንድሙ ሞቶበት ሄድን። ልጆቹ በር ላይ ያዙን።

«አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱን… አባታችን ጤፉን አጭዶ ይጨርስ» አሉ።

«ጤፉ ወንድም አልሞተበትም!» ብሎ አያ ቢሆነኝ ገፍቷቸው ገባ። «ያደረ መርዶ ሁለት ጊዜ ይገድላል። ሰው እርሙን በጊዜው ያውጣ!»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር…

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ልቤን አመመኝ። ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው።

«ድንጋጤ እንዳይነካቸው» አለ ሐኪሙ። ለእኔ አይደለም የነገረው… ለእሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ብዙ አልርቅም። ጭንቀቴ ደግሞ አንድ ነበር፤ ፈረስ ቤት ያለችው ታላቅ እህቴ ያምሮት። እናታችን በልጅነታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ስልክ የላትም። መንገዱ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል።

አያ ቢሆነኝ ግን በየቅዳሜው ከገበያ ሲመለስ ወሬዋን ያመጣልኛል።

«የፈረስ ቤት ሰዎች አግኝቼ ነበር። ደህና ናት። ጋቢውን ሳይለብስ እንዳይወጣ ብላሃለች።»

«አሁንም ልጅ ነው የምመስላት?» ብዬ እስቃለሁ።

እሱም ይስቃል… ይመስለኝ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ መጥቶ «ተነሥ፣ ተዝካር አለብኝ» አለኝ።

«የማን?»

«ቡሬ ያለች ዘመዴ አርፋ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ በክርስትና ስሟ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብለው ጸለዩላት።

«የእህቴም ስም ወለተ ጊዮርጊስ ነው እኮ!» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ንፍሮውን በእጁ ዘግኖ ሰጠኝ።

«ነፍሷን ይማር በል» አለኝ።

«ነፍሷን ይማር።»

«እንደሱ አይደለም… ከልብህ በል!»

ከልቤ አልኩ።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ ልመለስ…

ነጋዴው እጄን ያዘ። «እትዬ ያምሮትን ነሐሴ ላይ ነው የቀበርናቸው። በሳምንቱ መጥቼ ለጋሽ ቢሆነኝ ነገርኳቸው። ‹ለወንድሟ የምነግረው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ› ብለው አስማሉኝ…»

ነሐሴ… አሁን ግንቦት ነው።

መርዶ የማያሳድረው ሰው የእኔን ዘጠኝ ወር አሳደረው!

ስወድቅ የሚይዘኝን ሰው በዓይኔ ፈለግኩ። አጠገቤ መቀመጥ የነበረበት ሰው አፈር ውስጥ ነው።

አደይ መጥታ ደገፈችኝ።

«አያ፣ ይማሩት» አለች። «በየቅዳሜው ‹ዛሬ እነግረዋለሁ› ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ‹ዛሬም ሳቀብኝ፤ የሚስቅ ሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው?› ይለኛል። ተዝካሯን ያወጣው በሬውን ሸጦ ነው… እርስዎ ስላላለቀሱላት፣ ያለ ለቅሶ እንዳትቀር እሱ ጓሮ ሆኖ ያለቅስላት ነበር።»

ልቆጣው ፈለግኩ፣ በሞተ ሰው ላይ እንዴት ይቆጣሉ? ላመሰግነው ፈለግኩ፣ እሱም የለም።

«ያልቅሱ አያ» አለችኝ አደይ። «ድንኳኑ አልፈረሰም… የእትዬ ያምሮትም ይሁን።»

በአንድ ድንኳን ለሁለት ሰው አለቀስኩ። የትኛው እንባ ለማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ወዳጆቼ፣ እኔ የተማርኩት ይህን ነው… ፍቅር ጀግናውንም ፈሪ ያደርገዋል። ለወዳጃችሁ ስትሳሱለት ሸክሙን አግዙት እንጂ ለቅሶውን አትውሰዱበት። ወዳጃችሁ ለቅሷችሁን ከወሰደባችሁ ግን… ምን ያህል እንደከበደው አስቡለት።

እናንተ በአያ ቢሆነኝ ቦታ ብትሆኑ ትነግሩኝ ነበር? ወይስ እንደ እሱ ትሸከሙልኝ ነበር? እባካችሁ ጻፉልኝ… አነበዋለሁ።

የእህቴን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቅዳሜ ነው፤ አያ ቢሆነኝ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው።

«ደህና ናት» አለኝ። «ጋቢውን ሳይለብስ እንዳይወጣ ብላሃለች።»

ፀሐዩ ያቃጥል ነበር… ለበስኩት።