ስድስተኛው ቅጽ

ይህ ሁሉ ሰው ገና በማለዳ እኛ ቤት ምን ያደርጋል? ውጭ ተምሬ ከተመለስኩ ሳምንቴ ስለሆነ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። ሰላም አልኳቸውና መኝታ ቤት ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሁሰናይ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንከታተለው የዘንዶና የልዑል ታሪክ ስድስተኛ ቅጽ ነው። ያመጣሁት አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ናሁሰናይ ትናንት ከሥራ ቦታው ወደኛ ሲነሳ፣ «ልዑሉ ቢሞት እንዳትነግረኝ! ደርሼ ራሴ አነበዋለሁ» ብሎ በስልክ ጽፎልኛል።

ጦርነቱ ተፋፍሟል። ዘንዶው ጠባቂዎቹን እየዘነጠለ ይጥላል፤ ደም በደረጃው ይወርዳል። የልዑሉ ክንድ ከነሰይፉ ተቆርጦ ወደቀ። በደስታ ጮኽኩ።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ ጋሽ ዘርይሁን ነው።

«አንተ! ምን ያስጮኽሃል?»

«ዘንዶው ነው ጋሼ! አንገቱን ሊለው ነው!»

ፊቱን አዞረ። «ዝጋው የኔ ልጅ። ና፣ እናትህን በአንድ በኩል ያዛት።»

«ምን ሆነች?»

«ገና አልሰማችም።»

ሳሎን ውስጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እናቴ ከጓዳ ስትወጣ አየቻቸው፤ የያዘችው የሻይ ትሪ ከእጇ ወደቀ።

«ማንን ነው?» አለች።

«ናሁሰናይን» አለ ጋሽ ዘርይሁን። «ትናንት ሽፍቶች አውቶቡሱን አስቁመው ገደሉት።»

እናቴ ፊቷን ቧጠጠች። እጇን ስይዝ ጣቶቼ በደሟ ራሱ።

ከሠልስቱ በኋላ መጽሐፉን ጨረስኩት። «ልዑሉ ተርፏል» ብዬ ለናሁሰናይ ላክሁ። እስካሁን አልተነበበም።