ከሐጅ በፊት

ሰውየው በጠባቡ የመጋላ ሰፈር መንገድ በእግሩ መጥቶ የሃሊሞ ደጅ ላይ ቆመ። በማግስቱ ወደ ሐጅ ስለሚሄድ የበደላቸውን ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ «አፉ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ሲጠይቅ ነበር የዋለው። አብዮቱ ሳይወርሰው የተረፈ ትንሽ የዘይት መጭመቂያ አለው። የሃሊሞን ባል ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እጁን ይዞ ጎትቶ የገደለው እዚያ ነው። ሰውየው ያኔ ለቀብሩ ከፈን ልኮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደጇን ረግጦ አያውቅም።

«ሃሊሞ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ» አለና ቀኝ እጁን ዘረጋላት። እሷ የበሩን መጋረጃ እንደያዘች እጁን አየችው። የባሏ ቀኝ እጅ ለብቻው በከፈን ተጠቅልሎ ነበር የተቀበረው።

«ያኔ የተሰበረውን ማሽን ኢንሹራንስ አሠራልህ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለባሌስ ኢንሹራንስ ለምን አልገባህለትም?»

«ለሠራተኛ ግዴታ አልነበረማ! የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ወላሂ፣ ማንም አልገባም።»

«ኧረ አቦ፣ አፉ በይው!» አለች ጎረቤቷ ከራሷ ደጅ ሆና። «ሐጁ ይበላሽበታል!»

ሃሊሞ ፈገግ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህ ሰው አንድ ነገር ሲለምናት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

«አፉ ማለትም ግዴታ የለውም» አለችው ቀስ ብላ። «ማሽኑን አፉ ብዬዋለሁ፤ ማሽኑ ልጆች እንዳሉን አያውቅም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር።»

ይህን ብላ መጋረጃውን ፊቱ ላይ ለቀቀችው።