ቅባት ያልነካው ሱሪ

ነገሩን የጀመረው ብሎን ነው። ብሎን የአውቶቡስ ጋራዡ መካኒክ ነው፤ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያወጣለት። አዲሱ አስፋልት ሲከፈት አውቶቡሶች የተዉትን አሮጌ የኮረኮንች መንገድ፣ ከጋራዡ አራት ሆነው በብስክሌት ሊጨርሱት ተማማሉ። ሰባት ቀን፣ ድንኳን ጭነው። መሪያቸው ደግሞ ከአራቱ አንዱ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ። አሥራ አንድ ዓመት የነዳበትን መንገድ ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል? በዚያ ላይ "እኔ እኮ ከብስክሌት ወርጄ ነው አውቶቡስ ላይ የወጣሁት" ሲል ጋራዡ በሙሉ ሰምቶታል።

ብስክሌቱን ሊመርጥ ከብሎን ጋር ሲሄድ ሚስቱም ልጇን እጇን ይዛ ተከተለችው። የሱቁ ባለቤት ወጣት ሴት ናት፤ ክንደ ብርቱ፣ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ ጣል ያደረገች። ሦስት ብስክሌት ጎትታ አወጣች። ብሎን ቀላሉን አነሳለት። ሹፌሩ ግን ጎማው ሰፊ፣ አግዳሚው ዝቅ ያለውን ያዘ።

"ኮርቻውን አውርጂልኝ" አላት።

"ከዚህ በታች ካወረድኩት ጉልበትህ አገጭህን ይመታዋል። እስቲ አንድ ዙር ሞክረው።"

"ምን ያስሞክረኛል? እኔ ብስክሌት በዓይኔ ነው የማውቀው።"

ብሎን በሳቅ ፈረሰና ወደ ሚስትየዋ ዞረ። "ሰማሽ እህቴ? አንቺንም የመረጠሽ እንዲሁ ነው፤ በዓይኑ!"

ባለሱቋ አልሳቀችም። ሹፌሩን ትክ ብላ አየችው። እሱም አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ይህን አየች።

ቤት ድረስ ብስክሌቱን እየገፋ ወሰደው። "የኮረኮንች ጎማ ነው፤ አስፋልት ይበላዋል" አለ።

የጉዞ ቦርሳዎቹን የሰፋችው ሚስቱ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም ልኬት አይስታትም፤ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ አንዱን ለአግዳሚው ሥር፣ አንዱን ለኮርቻው ኋላ ልክክ አድርጋ አወጣችው። እሱ ማታ ማታ ዕቃውን ይከታል፣ መልሶ ያወጣል። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ የዝናብ ልብስ። ልጅቷ "አባዬ፣ አንዴ ንዳኝ" ስትለው፣ "ዕቃ ተጭኖበታል የኔ እናት" ይላታል። ባዶውን ሳለም እንዲሁ ነበር የሚላት።

መሄጃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው "ልምምድ" ጀመረ። ጎህ ሲቀድ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል፤ ሲመለስ በላብ ተጠምቆ፣ የሰው ዓይን ማየት አቅቶት ነው።

ልብሱን የምታጥበው እሷ ስለሆነች ሱሪው ነገራት። ብሎን ጋራዥ የሚመላለሰው በብስክሌት ነው፤ የቀኝ እግር ሱሪው ሁሌም በካቴና ቅባት የጠቆረ ነው። የባሏ ሱሪ ቅባት የሚባል ነገር አልነካውም። ሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ ግን የሣር አረንጓዴ አለ።

"ምን ላይ ተንበርክከህ ነው?" አለችው።

"ጎማ ስነፋ።"

"በየቀኑ?"

"አንቺ ደግሞ! ሱሪ ነው እንጂ መዝገብ ነው እንዴ?" ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት እሱ እንደወጣ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ጃኬቱን በረበረች። የሰው ኪስ በርብራ አታውቅም፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እጇ ያረፈው ጨርቅ ላይ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ። ስትፈታው ሁለት ፔዳል፤ የባሏ ብስክሌት ፔዳሎች።

ፔዳሉ እዚህ ከሆነ፣ ሰውየው ጎህ ሲቀድ የሚሄደው ምን ሊሠራ ነው?

ሱቁ ጋ ስትደርስ ዝግ ነው። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ጠዋት የምንከፍተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።"

እግሯ ጋራዥ አደረሳት። ብሎን ከአውቶቡስ ሥር ወጥቶ ፊቷን ሲያይ ቀልዱ ጠፋበት።

"ወንድሜ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት" አለችው። ሱሪውንም፣ ፔዳሉንም፣ ወረቀቱንም ነገረችው። "በዓይንህ እይልኝ። እውነት ከሆነ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ። ሐሰት ከሆነ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምነዋለሁ።"

"እሱ? ኧረ አያደርገውም!" አለ። ቆየና ግን ራሱን አከከ። "ይሄ ለአንድ ሰው ምስክርነት ይከብዳል። ሁለቱን ጓደኞቻችንንም ልጥራቸው። ከነገ ወዲያ መንገዱን የሚመራን እሱ አይደል? ከእኛ የሚደብቀው ነገር አይኖርም፤ ካለም ፊት ለፊት እንምከረው።"

እሷም "ጥራቸው" አለች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተከተሉት። አቧራው ላይ ሰፊው ጎማ፣ ከጎኑም የጫማው ኮቴ፣ የተዘጋው ጡብ ፋብሪካ ድረስ ወሰዳቸው። ከግንቡ ወዲያ የሴት ድምፅ ተሰማ።

"አትፍራ አልኩህ እኮ! ማን ያይሃል እዚህ?"

"ሚስቴ ብታውቅ" አለ የባሏ ድምፅ እያለከለከ፣ "በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

ግንቡን ለመውጣት ተንጠራራች። ብሎን ክንዷን ይዞ ደገፋት፤ ሌሎቹ ሁለቱ የተሰባበረ ጡብ ደራረቡላት። አራቱም ወጥተው ራሳቸውን ከግንቡ በላይ አደረጉ።

ሹፌሩ ፔዳል የሌለው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ፣ በሁለት እግሩ እንደ ዳክዬ ሣሩን ይገፋል፤ ባለሱቋ ኮርቻውን ከኋላ ጨብጣ "አሁን እግርህን አንሳ!" እያለች ትሮጣለች፤ እሱ ግን ግንቡ ላይ የተደረደሩትን አራት ራሶች አይቶ ነበር።