አድራጊ የሌለው ደብዳቤ

«ኧረ አትንካው ቲቸር! ማኅተሙ ከተቀደደ ሌላ ጣጣ ነው» አለች ስንዱ፣ የማሩን እጅ ከበሩ ላይ እየጎተተች።

ማሩ እጁን ሰበሰበ። ፀዳ ከተማ ውስጥ፣ እንግሊዝኛ በሚያስተምርባት የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «በቀረበ ጥቆማ መሠረት ይህ ቤት ታሽጓል።» ከሥሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም። የሰው ስም የሚባል የለም።

ሰሌዳውም ደብተሩም ውስጥ ቀርተዋል፤ አሥራ አንዱ ተማሪዎች ደጅ ናቸው። ቅዳሜ የአስጎብኚነት ፈተና አለባቸው። ካለፉ የማሩ ስም ይጠራል፤ ከወደቁ ተመልሶ ፒያሳ ወጥቶ የፈረንጅ ቦርሳ መሸከም ነው።

«ፓሲቭ ነው!» አለ ሰውአገኝ፣ ከድብ ባሕር የመጣው በቅሎ ነጂ። «ታሽጓል። በማን? አይታወቅም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ማሩ አልሳቀም።

እሱ ትምህርቱን የተወው ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ በፓሲቭ ቮይስ ግን የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነው። «ተደራጊውን ፊት አምጣ፤ ዋዝ ጨምር፤ ግሱን ሦስተኛው መልኩ ላይ አድርስ፤ አድራጊውን ከቤት አባር» ይላቸዋል። «‹በቅሎዋን አጠፋኋት› ያልክ ቀን ከቱሪስቱ ጋር ተቆራረጥህ። ዘ ሚዩል ዋዝ ሎስት በል። ጠፋች። ማን አጠፋት? ማርያም ትወቅ። እኔ በዚህች ነገር ስንት ጣጣ አልፌያለሁ!»

«ማን ጠቁሞ ነው ግን?» አለች ስንዱ።

«ማን ይሆናል?» ማሩ በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተ።

ማዶ የመልካሙ ትምህርት ቤት ነው። መልካሙ ዲግሪ አለው፣ ክራቫት አለው፣ ከሁሉ የሚያበሽቀው ደግሞ አርባ ተማሪ አለው። ማሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የራሱን በር ከመክፈቱ በፊት ያንን በር ሲያይ ነው የከረመው። ዛሬም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መንገዱን ተሻግሮ ገባ።

«አሳሸግኸኝ አይደል?»

«ምነው ማሩ! እኔ ምን አደረግሁህ?» አለ መልካሙ ጠመኔውን እንደያዘ። «ትናንት ሰዎቹ መጀመሪያ የገቡት እኔ ጋ ነው። በድንጋጤ ላብ አጠመቀኝ።»

«እና ምነው አንተን ተዉህ?»

«እንጃ። ግድግዳውን አዩ፣ አመስግነው ወጡ።»

«ሸጋ ግድግዳ ነው ያለህ!» አለ ማሩ፣ አርባው ተማሪ እንዲሰማ። «ስንት ከፈልክበት?»

ባጃጅ አስቁሞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሊከንፍ ሲል ስንዱ ዘላ ከጎኑ ተቀመጠች። የሆቴል አስተናጋጅ ናት፤ መጨቃጨቅ ታውቅበታለች። «የጠቋሚውን ስም ሳናወጣ አንመለስም» አለች። በሩ ላይ ጥበቃው «ወዴት?» ቢላቸው ማሩ መንገድ ሳይጠይቅ በጓሮ ዞሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለው መዝገብ ቤት ገባ።

መዝገብ ያዧ ወይዘሮ የትናየት ከፋይል ክምሩ ላይ ቀና አሉ። «አቤት?»

«ፀዳ ላይ የእንግሊዝኛ ክፍላችንን ያሳሸገውን ጠቋሚ ይንገሩን» አለች ስንዱ።

«ደብዳቤው ላይ ስም የለም፣ ልጄ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። አስተርጉመን ነው የገባን።»

«በእንግሊዝኛ!» ስንዱ አጨበጨበች። «አለቀ! መልካሙ ነው! ፀዳ ላይ ከእሱ ሌላ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ማን አለ?»

የማሩ ጆሮ ጋለ። «ተይው ስንዱ» አለ እጅጌዋን ይዞ። «ለእግዜር እንስጠው፤ እንሂድ።»

«ምን በወጣህ! ደብዳቤው ይውጣ!»

«ደብዳቤውማ ‹ፀዳ ላይ ያለ ፈቃድ እንግሊዝኛ ይሰጣል› ይላል እንጂ የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም» አሉ ወይዘሮ የትናየት፣ ትልቁን መዝገብ እየገለጡ። «ሁለት ቤት አገኘን። የመልካሙ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሌለውን አሸግን።»

«የጻፈውስ?» አለች ስንዱ።

ወይዘሮ የትናየት ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱና መነጽራቸውን ወደ ማሩ ቀና አደረጉ።

«ላኪው ያልተጻፈበት ደብዳቤ እዚህ የሚመዘገበው በአምጪው መታወቂያ ነው። ና እስቲ ማሩ፣ ፊርማህን አንተው አንብብላት።»