ሱልጣን ዝም ያለበት ዓመት

ሱልጣን አምቦ አውቶቡስ ተራ ፊት ለፊት ስኳርና ጨርቅ ይሸጣል። ከተማው የሚያውቀው ግን በሸቀጡ ሳይሆን በአፉ ነው፤ በተለይ የፊልም ሳምንቱ ሲያልቅ።

የፊልም ሳምንት አብዮቱ ያመጣው ነገር ነው። በየዓመቱ ከወዳጅ አገሮች የተላኩ ፊልሞች በከተማው አዳራሽ ይታያሉ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አምስቱን ለሽልማት ያጭና ስማቸው አዲስ አበባ ይላካል። ፊልሞቹ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ በቅጡ የሚያውቅ የለም። ትራክተር ሲመጣ ይጨበጨባል፣ ነርሷ ስታለቅስ ሴቶቹ አብረው ያለቅሳሉ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የኮሚቴ አባላት ደግሞ መብራት እስኪበራ ድረስ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው በጥሞና ይከታተላሉ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። ሱልጣን ግን ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ ዕጩዎቹን ይጠራል።

"ግድቡ ገብቷል! ነርሷ ገብታለች! የፈረሱን ነገር እርሱት!"

ሰዉ በሻይ በዳቦ ይወራረዳል። ሰኞ ማታ የሚለጠፈው እንዳለ ሱልጣን ያለው ነው። አንድም ጊዜ ስቶ አያውቅም።

ይህ ለከተማው ጨዋታ ቢሆንም ለእታገኝ መዘዝ ሆነባት። እታገኝ የባህል ቢሮው ታይፒስት ናት። የዕጩዎቹን ስም የምትመታው እሷ፣ ከሱልጣን ሱቅ ጎን ተከራይታ የምትኖረውም እሷ። ኃላፊዋ ጓድ ሞቱማ አርብ ጠዋት አስጠራት።

"የመንግሥት ሚስጥር በአንድ ቸርቻሪ አፍ! ካቻምና ታገስኩ፣ አምናም ታገስኩ። ዘንድሮ ከወጣ የምጠይቀው አንቺን ነው።"

"እኔ እኮ ጓድ፣ የምጽፈው ሰኞ ነው። እሱ የሚናገረው ቅዳሜ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ! ኮሚቴዎቹ ቀደም ብለው ይስማማሉ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ፣ እሱ ያወራል።"

ባሏ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ደመወዝ ነው። መባረሩስ ይሁን፤ ሚስጥር አወጣች ተብሎ ቀበሌ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ፈራች።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ገባች።

"ጋሽ ሱልጣን፣ ማነው የሚነግርዎት?"

"ማን ይነግረኛል?" አለ ሱልጣን ክብሩ ተነክቶ። "እኔ ደስ ያለኝን ነው የምጠራው!"

"ይሄ ይታመናል?"

"ወላሂ!"

አላመነችውም። ሰው ደስ ያለውን እየጠራ በየዓመቱ አይገጥምለትም። ቢሆንም ለመነችው።

"እንግዲያው ለልጆቼ ሲሉ ዘንድሮ ዝም ይበሉልኝ። እስከ ሰኞ ማታ፣ ለማንም።"

"ለሹኩሪያም?"

"ለሚስትዎም።"

ሱልጣን በረጅሙ ተነፈሰ። ከባድ ነገር ነው የተጠየቀው። ግን ጎረቤት ናት፣ ልጆቿም ደጁ ላይ ነው የሚጫወቱት፤ አንጀቱ አልቻለም።

"እሺ። ዝም።"

ቅዳሜ ገበያተኛው ሱቁን ሞላው። "ኦቦ ሱልጣን፣ ማሎ፣ አንዷን እንኳ!" እያለ ይለምነዋል። ሱልጣን ከንፈሩን ነክሶ ስኳር ይመዝናል። አንዴ አፉን ከፈተና አዛጋ። እታገኝ በመስኮቷ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ታየዋለች።

እዚያ እንደቆመች ነው ሌላ ነገር ያየችው። መጀመሪያ መምህር አሻግሬ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መጣ። ምላጭ ገዛ፣ ዳር ዳር አለ፣ አጎንብሶ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ሱልጣን ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሌላው የኮሚቴ አባል፣ የገበሬ ማኅበሩ ኦቦ ኩምሳ፣ ከጊንጪ መጡ። "አካም፣ ሱልጣን!" አሉና እሳቸውም ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ሱልጣን እሳቸውንም በእጁ መለሳቸው። ሦስተኛው አባል፣ የወጣቶች ማኅበሩ ጉዩማ፣ ሁለቴ ተመላለሰ። ሁሉም ፊታቸው እንደጠቆረ ሄዱ።

የእታገኝ ልብ ዘለለ። ያዘቻቸው! በየዓመቱ ሹክ የሚሉት ለካ እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ሱልጣን ጆሮውን ስለደፈነባቸው ነው የከፋቸው። ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ወደ ጓድ ሞቱማ ቤት ሮጠች።

"ዓይንሽ ጥሩ ነው" አላት ሞቱማ ሰምቶ ሲጨርስ። "ሰኞ አስገብቼ እቆልፍባቸዋለሁ። ጨርሰው ስሞቹን እስኪሰጡኝ ድረስ ወሬ በጭስ መውጫም አይወጣም።"

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ገቡ። ሞቱማ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከእታገኝ ጋር በሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ነበር የሚጨርሱት። ዛሬ መጀመሪያ ጉርምርምታ ተሰማ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ጭጭ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንዴ ኦቦ ኩምሳ "ፈረስ ያለበት የቱ ነበር?" ሲሉ ተሰማ።

"አየሽ" አለ ሞቱማ ደስ ብሎት። "ሚስጥሩን የሚያቀብልበት ሲያጣ ሌባው ሥራው ራሱ ጠፋበት።"

እታገኝ ከስንት ቀን በኋላ እፎይ አለች። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ እሷ ነፃ ናት። ለኦቦ ኩምሳ ብቻ ቅጣቱ እንዲቀልላቸው ጸለየች፤ ደግ ሰው ናቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። ሞቱማ ቁልፉን አዙሮ በሩን ገርበብ አደረገና ከበሩ ኋላ ሆነ። አሻግሬ የካኪ ሸሚዙን አንገት ፈትቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ራሱን ብቅ አደረገ። ግራ ቀኝ አየ። የታየችው እታገኝ ብቻ ናት።

"እታገኝ፣ በሞቴ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "ሱልጣን ጋ ሮጥ በይና ጠይቂልን፣ ዘንድሮ የትኞቹን ነው የምናጨው?"