አሥረኛው ወንበር

አሰጋሽ የወተት ማማሰያውን እጀታ ከወንበሩ እግር ሥር ሰክታ በኃይል ወደ ላይ ፈነቀለችው። ቋ! አለ። ወንበሩን ከወለሉ ሐዲድ አላቃ በአውሮፕላኑ በር በኩል ለተሸካሚው ለታምሬ አቀበለችው።

ታምሬ ከክንፉ ሥር በታሰረው ሚዛን ላይ አንጠለጠለው። በየማለዳው የስደተኛ ካምፑ ሕፃናት የሚመዘኑበት ሚዛን ነው፤ መዛኟም እሷው ናት።

«አሥራ ሦስት ኪሎ!» አለ ታምሬ።

«ሰሙ፣ ኡስታዝ ሙዘይን? ሁለት ወንበር አንድ ከረጢት የዱቄት ወተት ነው።»

ሙዘይን የጭነቱ አዛዥ ነው። አማርኛውን የለመደው ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ገበያ ሰሊጥ ሲነግድ ነው፤ ሲቆጣ ግን አነጋገሩ ይዛነፍበታል። «አንቺ ሴትዮ! አውሮፕላኑ ከወድ ኤል ሒለው ሲመለስ ትልልቅ ሰዎች ይዞ ይመጣል። መሬት ላይ ይቀመጡ ነው የምትዪ?»

«ምናለበት? እኛ ከመጣን ጀምሮ የት ተቀምጠን አዩን?»

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ክረምት ነው። የሱዳኗ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መኪናውን ሁሉ ውጦ ከያዘ ሁለት ሳምንቱ። ወድ ኤል ሒለው በሚባለው ሌላው ካምፕ ያለው የወተት ድንኳን ባዶውን ካደረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የአሰጋሽ እኅት እናኑ ከነአራስ ልጇ እዚያ ናት። አብራሪው ካፒቴን አደም ጭነቱ ሞልቷል ሲል አምስት ከረጢት ወተት መሬት ላይ ቀረ። አሥር ባዶ ወንበር ግን በክብር ሊበር ነው። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት የአውሮፕላን ወንበር ስትሰፋና ስትፈታ ለኖረች ሴት ይህን ቆሞ ማየት የማይሆን ነገር ነበር።

ዘጠኝ ወንበር ወረደ፤ አራት ከረጢት ተጫነ። ለአሥረኛው ስትመለስ ሙዘይን ተቀምጦበት አገኘችው። ጭራሽ ቀበቶውንም አስሯል።

«እስቲ ንቀይው!» አላት።

አሰጋሽ ተንበረከከችና እጀታውን ከወንበሩ እግር ሥር ሰካች።

«ነገ ሥራ የለሽም! ራሽንሽም ይቆረጣል፣ ወላሂ!»

«ነገ ያባርሩኝ። ዛሬ ግን ይነሡልኝ።» ወደ በሩ ዞራ ጮኸች። «ታምሬ! ሚዛኑን አዘጋጅ፣ አንድ ትልቅ ሕፃን ላወርድ ነው!»

ታምሬ ሳቁን መያዝ አቃተው። አማርኛው ባይገባውም የሙዘይንን ፊት ያየው ካፒቴን አደምም ከፊት ሆኖ ፈነዳ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ሳቁን ገታ። «ኸላስ፣ በቃ ሙዘይን፣ ውረድ» አለ በዐረብኛ። «አውሮፕላኑ የእኔ ኃላፊነት ነው። ቀልዬ እመለሳለሁ፣ ነዳጅም ይተርፈኛል። እንግዶችህ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ።»

ሙዘይን ቀበቶውን ለመፍታት ብዙ ታገለ። በመጨረሻ የፈታችለት አሰጋሽ ናት።

አሥረኛው ወንበር ወረደ፤ አምስተኛው ከረጢት ገባ። ታምሬ ሚዛኑን ከክንፉ ሥር ፈታ፤ በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ሄደ፣ ሄደ፣ የማይነሣ እስኪመስል ሄደና ተነሣ።

በሜዳው ዳር አሥር ሰማያዊ ወንበሮች ተደርድረዋል። ለሚዛን ተራ ቆመው የነበሩት እናቶች ልጆቻቸውን እንደታቀፉ መጥተው አንድ በአንድ ተቀመጡባቸው። ቆመው ሲጠብቁ ነው ያረፈዱት፤ ማንንም አላስፈቀዱም።

«ተነሡ! ይህ ንብረት ነው!» አለ ሙዘይን፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ።

ማንም አልተነሣም። አሰጋሽ በቀረው ባዶ ወንበር፣ በአሥረኛው ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል ቀበቶውን ከግራና ከቀኝ ፈልጋ ወገቧ ላይ ቋ አደረገችው።