ውሃ መጣልሽ?

ጥሩሐረግ ጓዟን የቋጠረችው ዓርብ ጠዋት ነው። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ የእናቷ የብር መስቀል። ባሏ አሻግሬ ሶማሌ አገር ሌላ ሚስት እንዳለችው ዛሬ ከተረጋገጠ ወንድሞቿ ዘንድ ጽጽቃ ትገባለች። ካልተረጋገጠ ምን እንደምታደርግ አላሰበችበትም።

አሻግሬ ከሰላም ማስከበር የተመለሰው አምና፣ ጦሩ ከዚያ አገር ሲወጣ ነው። እሱ የሰው አገር ሰላም ሲጠብቅ ከተማቸው ሰቆጣ ጦር ገብቶባት፣ ጦር ወጥቶባት ነበር፤ ግን የእንኳን ደህና መጣህ ቀን ይህን ያነሳ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር «ልጆቻችን አንድ ንጹሕ ሰው ሳይነኩ በክብር ተመለሱ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሻግሬ አላጨበጨበም። የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

ተናገር ሲሉት «ሰላሙን ለእነሱ ትተን፣ የውሃ ፓምፑን ሞተር ጭነን መጣን» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የመጣ ጦር ሁሉ ሲሄድ የሚጭነው እንደማያጣ ሰቆጣ አሳምራ ታውቃለች።

ጥሩሐረግ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርታ ሳሎን ሰቀለችው። አሻግሬ «አቧራ እንዳይነካው» ብሎ ፎጣ አለበሰው። የኩራት ብዛት ነው ብላ ተወችው።

ጉዱ የጀመረው ከአህያዋ ነው። በመጣ በሳምንቱ አውጥቶ ሸጣት። ከቦኖው ቢጫ ጀሪካን የምታመላልስ፣ አመል የሌላት አህያ!

«ምን አደረገችህ?» አለችው።

«ተጭና ወደ ደጅ ስትመጣ ማየት አልወድም።»

ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን በትከሻው የሚሸከመው ራሱ ነው። የክብር ምስክር ወረቀት ያለው ወንድ ቦኖው ላይ ከሴቶች ተርታ ይሰለፋል! የአጥር ጎረቤቷ እታገኝ ይህን አይታ ማለፍ አልሆነላትም።

«አንቺ ሞኝ፣ ወንድ ልጅ ሳይበድል ውሃ ይቀዳል?» አለቻት። «የኔን አላየሽም፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ውሃ አያቀብል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጆሮሽን ጣል አድርጊ።»

ጣል አደረገች። አሻግሬ ዓርብ ዓርብ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ጉብታ ይወጣል፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። አማርኛና ኽምጣና ሲናገር ቁጥብ የነበረው ሰው እዚያ ጉብታ ላይ ሶማሊኛውን ያንቆረቁረዋል። ድምፁም ይለሰልሳል። ለእሷ እንዲህ ለስልሶ አያውቅም። ከወዲያ የሚመልሰው ደግሞ የሴት ድምፅ ነው። ቅናት አንጀቷን በላው።

አንዷን ቃል በቃሏ ይዛ ሐጂ ዑስማን ሱቅ ሄደች። ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጅግጅጋ ነግደው ሶማሊኛውን ተክነውታል።

«ቢዮ፣ ቢዮ ይላታል ሐጂ። ምን ማለት ነው? አይደብቁኝ።»

«ውሃ ነው ልጄ። ውሃ መጣልሽ ወይ እያላት ይሆናል።»

ውሃ! ፍቅሬ፣ ሆዴ ቢላት ይሻላት ነበር። ፍቅሬማ ማንም መንገደኛ ይላል። ውሃ መጣልሽ ብሎ የሚጠይቅ ግን አባወራ ነው።

«መጥተው ያነጋግሩልኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ተይኝ እባክሽ። በሰው ቤት ጣልቃ የሚገባ መግቢያውን እንጂ መውጫውን አያውቅም» አሉ ሐጂ። ይህን ብለው ግን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጣልቃ ገብ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚገባው።

አሻግሬ ጉብታው ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ጥሩሐረግ ሐጂን አስከትላ ከኋላው ደርሳ ነጠቀችው።

«ሚስትህ ናት?»

ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ስልኩን ለሐጂ ሰጠች። «ይጠይቁልኝ፤ ምኗ ነው?»

ሐጂ ጠየቁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ባሏ የሞተባት ሴት ናት» አሉ በመጨረሻ። «ባሏ ውሃ ሻጭ ነበር። አንድ ማለዳ አህያውን እየነዳ ወደ ጦር ሰፈሩ በር ሲጠጋ፣ የጫነው ፈንጂ መስሏቸው ተኮሱበት። ጀሪካን ነበር የጫነው። በኋላ ይቅርታ ብለው ለመንደሩ ፓምፕ ተከሉ፤ ሲወጡ ሞተሩን ነቅለው ሄዱ። አሁን መንደሩ ውሃ የለውም። ይህ ደግ ወታደር ብቻ አልረሳኝም ትላለች። ውሃ የሚያመጣልኝ ሰው አቆመልኝ፣ ዓርብ ዓርብም መጣልሽ ወይ ይለኛል ነው የምትለው።»

«ውይ ኃጢአቴ!» ጥሩሐረግ ደረቷን መታች። እፍረቱ አንገቷን አስደፋት። ቤት ያለው ቋጠሮ ታወሳት፤ ሮጣ ሄዳ ልትፈታው ቃጣት። «የኔ ጌታ፣ እንዲህ ያለ ጽድቅ ስትሠራ ምን አስደበቀህ? ሰፈሩ ሁሉ መስማት አለበት! እታገኝ ትስማ! ሊቀመንበሩም ይስማ!»

አሻግሬ አላያትም። ከታች፣ ከቦኖው በሚመጣው መንገድ፣ የሰው አህያ ቢጫ ጀሪካን ተጭና ዳገቱን ትወጣለች። ዓይኑን ከአህያዋ ላይ አልነቀለም።

ሐጂ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ ትላለች። ያን ቀን በሩ ላይ ሆኖ የተኮሰውን ወታደር ታውቀው እንደሆነ።»

«አያውቀውም በሏት» አለ አሻግሬ። «ሐጂ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እኔ መሆኔን እንዳይነግሯት።»